«ደህና ነሽ» ሲሉኝ

ከማህፀኔ አፍ ላይ ቁራጭ ሥጋ ወስደው ለምርመራ አዲስ አበባ ሲልኩት ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ውጤቱ በወር ውስጥ እንደሚደርስ ነግሮኝ፣ እስከዚያ አትጨነቂ አለኝ። አትጨነቂ ማለት ምን ይከብዳል፤ ሥጋው የተቆረጠው ከሱ አይደለ።

አንኮበር ስመለስ ለማንም ላልናገር ወስኜ ነበር። የባለቤቴ ሆድ ግን ነገር አይቋጥርም፤ ለታላቅ እህቱ ነገራቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። የምንኖረው አንድ ግቢ ነው፤ እኔና እሳቸው ሱፍ እንፈትላለን፣ ባለቤቴ ብርድ ልብስ ይሠራል። ተድሬ ከገባሁ ጀምሮ እትዬ ሳይቆጡኝ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። ወጡ ቀጠነ፣ ፈትሉ ወፈረ፣ ሳቅሽ በዛ። እኔም አፌን ይዤ የምቀር አይደለሁም፤ አንቱ እያልኩ የልቤን እነግራቸው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን እትዬ ማር ሆኑ። እረፊ ይሉና ሱፉን ከእጄ ነጥቀው ይፈትላሉ። አንድ ቀን እግርሽን ልጠብሽ ብለው የሞቀ ውኃ ይዘው ሲመጡ፣ ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ።

የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበርማ ባሰች። ለአራስ እንኳ የማታዝን ሴትዮ፣ ጠርታኝ «ስብሰባው ይቅርብሽ» አለችኝ። በዚያ በደርግ ዘመን ከስብሰባ የሚቀረው የሞተ ብቻ ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የሚያስፈራኝ በሽታው ብቻ አልነበረም። እውነቱን እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሰላ ድንጋይ ያለችው አክስቴ ታማ ሐኪሙ ነቀርሳ ነው ሲለን፣ እሷ እንዳትሰማ የተማማልነው እኛው ዘመዶቿ ነን። እጇን ይዤ «ብርድ ነው እኮ፣ ደህና ነሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች «እሺ ልጄ» አለችኝ። አውቃ እንደነበር የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው። አፈርኩ። ግን ደፍራ ብትጠይቀኝም የምነግራት አይመስለኝም።

ወሩ ሲሞላ ውጤቱን ራሴ ላምጣ ብል ሁሉም በአንድ አፍ አይሆንም አሉ። መንገዱ ይንጥሻል፣ ብርዱ ይመታሻል አሉኝ። ባለቤቴ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ በጭነት መኪና ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና «ተመስገን፣ ደህና ነሽ፤ ምንም አልተገኘብሽም» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ከመሠረተ ትምህርት ያገኘኋት የአማርኛ ፊደል ለዚያ አትሆንም። ዓይኑ ቀልቷል። አቧራ ነው አለኝ። ደህና ነሽ! እኔስ አክስቴን ያልኳት ይህንኑ አይደል? ተመስገን ብዬ ፈገግ አልኩለትና፣ ነጠላዬን ለማን፣ ካባዬን ለማን እንደምሰጥ በልቤ ማደላደል ጀመርኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ እትዬ በሩን በርግደው ገቡ። ሱፉን ከነእንዝርቱ ጭኔ ላይ ወረወሩት።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትጎለቺው? ደህና ነሽ ተባልሽ አይደለም ወይ? ወር ሙሉ ያንቺንም የኔንም ስፈትል ጣቴ አለቀ። ሰነፍ!»

ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ሊሞት ነው ተብሎ የሚታዘንለትን ሰው በኛ አገር ማንም እንዲህ አይናገረውም። እትዬ ደግሞ መቆጣት እንጂ ማስመሰል አይሆንላቸውም፤ ያን ወር ሙሉ ማር ሲሆኑ እንኳ ፊታቸው ያሳብቅባቸው ነበር። አሁን ፊታቸው ላይ ያለው ንዴት ብቻ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ክው ብለው ቀሩ፤ አበዛሁት እንዴ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እባክዎ እትዬ» አልኳቸው፣ «ይድገሙልኝ።»