እትዬ ግላዲስ ባንክ ወለል ላይ የተቀመጡ ዕለት

እኔ ልጅ ሆኜ ኖርዝ ሜልቦርን የመንግሥት ፎቅ ላይ ስንኖር፣ እማዬ የሆስፒታል ጽዳት ሺፍት ስለነበራት ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ጎረቤታችን እትዬ ግላዲስ ቤት ነበር። የኡራጓይ ሰው ናቸው። "እትዬ" ያለቻቸው እማዬ ናት፤ እሳቸው ደግሞ ወደውት ለፖስተኛው ሳይቀር "እትዬ ግላዲስ እባላለሁ" ይሉ ነበር።

ቤታቸው ሁልጊዜ የፈላ ወተትና ስኳር ይሸታል። ሁለቱ አብረው ፈልተው ሲወፍሩ ዳቦ ላይ ለቅልቀው ይሰጡኝና፣ እሳቸው ማቴ የሚሉትን መራራ ሻይ በብረት መምጠጫ እየሳቡ ስለ አገራቸው ዋና ከተማ ስለ ሞንቴቪዴዮ ያወሩኛል። ከሟች ባለቤታቸው ጋር ዕድሜ ልካቸውን ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ያጠራቀሙት እዚያ ባንክ ተቀምጧል። ባሕሩ አጠገብ ትንሽ ቤት ገዝተው ከእህታቸው ከማርታ ጋር ሊያረጁ ነው። "አገሬ ትንሽ ናት" ይሉኛል፣ "የጎረቤት አገር ሀብታም ግን ገንዘቡን አምኖ የሚያስቀምጠው እኛ ጋ ነው።"

አንድ የክረምት ከሰዓት ስመለስ በራቸው ተከፍቶ እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆመዋል። ከሞንቴቪዴዮ የደወለችው ማርታ ነበረች። የአገሩ ባንኮች በሙሉ በራቸውን ዘግተዋል። ከቀናት በኋላ ሌሎቹ ሲከፈቱ የእሳቸው እንደተዘጋ ቀረ፤ ባለቤቶቹ ገንዘቡን አሽሽተዋል ተባለ።

እማዬ ከሥራ መጥታ ስትሰማ "በሰው ገንዘብ ላይ እንዴት በር ይዘጋል?" አለች።

"እኔም ይህንኑ ልጠይቃቸው ነው የምሄደው" አሉ እትዬ ግላዲስ።

ለትኬቱ እማዬ የደረሳትን እቁብ ሰጠቻቸው። እምቢ ቢሉም አልሰማቻቸውም።

ሲመለሱ ነገሩን የነገሩን እኛው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው። የከሰረውን ባንክ ሒሳብ አጣርተው የሚዘጉት ሰዎች እዚያው ባንኩ ውስጥ አቤት ባይ የሚያነጋግሩበት አዳራሽ ነበር። እዚያ አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት "ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፣ ይታገሡ" አላቸው። እስከ መቼ ቢሉት አላውቅም አለ። ይሄኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ወንበር ላምጣልዎት?" አለ ልጁ።

"ወንበር አልፈልግም። የመጣሁት ስለ ቤቴ ነው።"

ቢሮው ሲዘጋ ጥበቃዎች ብብታቸውን ይዘው አንስተው መንገድ ላይ አወጧቸው። አንዱ ጫማቸው ውስጥ ቀርቶ ነበርና አብራቸው የሄደችው ማርታ ለምና አስወጣችላቸው። እኔ በጫማው ሳቅሁ፤ እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ። እማዬ ግን ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፤ ቶሎም አልተመለሰችም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከገንዘቡ ጥቂቱ ተመለሰላቸው፤ ቤት የሚገዛ አልነበረም፤ ማርታም ሞታለች። እትዬ ግላዲስ እዚሁ ሜልቦርን አረፉ፤ የቀበርናቸውም እኛው ነን።

ሰሞኑን ፉትስክሬይ የሚሄደው ባቡር ውስጥ ሆኜ ስለ ኡራጓይ ባንኮች የተጻፈ ነገር በስልኬ አነበብኩ። ከዚያ ቀውስ ትምህርት ወስደዋል፣ ዛሬ ለሌላው ምሳሌ ናቸው ይላል። ይሁን፣ ይማሩ። የተማሩት በማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ደሜ ፈላ። ፊቴን ያየችው ልጄ "ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ያኔ እሳቸው አጠገቤ ነበሩ፤ እኔ ግን መናደድ አላውቅም ነበር። ዛሬ መናደዱን አውቄዋለሁ፤ "ልክ ነዎት፣ እትዬ" የምላቸው እሳቸው ግን የሉም።