ከዚህ በላይ ያለው አይነካ

የምጽፈውን እንደማስታውሰው እጽፋለሁ፤ ማስታወሴን ግን ዋስ አድርጌ አላቀርበውም። አንድን ነገር አጥርቼ ባስታወስኩት ቁጥር ይበልጥ ልጠራጠረው እንደሚገባኝ የተረዳሁት ዘንድሮ፣ በጡረታ ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ የደወለችልኝ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ይመስለኛል። የምኖረው ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋቴን የማሳልፈው በእንጨቱ በረንዳ ተቀምጬ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርዱትን ታክሲዎች በማየት ነው። በፎቁ ላይ አምስት በሮች አሉ፤ አራቱ ተቆልፈዋል። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ወደ ከተማዋ ዳር፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። ሲሄዱ ሁሉም "እየመጣን እንጠይቅዎታለን" ብለውኛል፤ በቅንነት እንዳሉት አልጠራጠርም። ስልኬ ከጮኸ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ተፈልጎ ነው።

እሷ ግን የፈለገችው እኔን ነበር። በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ የዶክትሬት ጥናቷን ለመጨረስ የተቃረበች መምህርት ናት፤ አስተማሪዋ ደግሞ በጊዜው የእኔ ተማሪ ነበር። የጥናቷ ሦስተኛ ምዕራፍ የቆመው ከብዙ ዓመታት በፊት ባሳተምኩት ጽሑፍ ውስጥ ባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሯ፣ በገመድ አልባ መረብ ውስጥ ከዳር ያሉ ጣቢያዎች የሚልኩት መልእክት የሚጠፋው ከርቀት የተነሣ ነው ትላለች።

እንዲህ ያለውን ጥናት የምናካሂደው በእውነተኛ መሣሪያ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ ጣቢያዎችን የሚፈጥር፣ አየሩን ሳይቀር የሚያስመስል ፕሮግራም አለ። ጣቢያዎቹ መልእክት ሲለዋወጡ ፕሮግራሙ የሆነውን ሁሉ መስመር በመስመር ወደ አንድ ፋይል ይጽፋል፤ ያንን ፋይል ዱካ እንለዋለን። ጣቢያዎቹ እንዴት እንደሚፈጠሩ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ሌላ የትእዛዝ ፋይል ነው፤ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚጽፍ የሚወስኑ ሦስት ማብሪያዎችም እዚያው አሉ። የመጀመሪያው መልእክቱ ሲነሣና ሲደርስ፣ ሁለተኛው መንገድ ሲመረጥለት ያስመዘግባል፤ ሦስተኛው አየር ላይ ከወጣ በኋላ የገጠመውን ነው።

"ፕሮፌሰር፣ የማስኬደው የእርስዎን የትእዛዝ ፋይል ነው፤ ከአስተማሪዬ ነው ያገኘሁት" አለችኝ። "ዱካው መልእክቱ ተነሣ ይላል፤ ደረሰ ግን አይልም። የት እንደቀረ አንድም መስመር የለም። እርስዎ በርቀት መሆኑን በምን አወቁ?"

"በዓይኔ አይቼ ነዋ" አልኳት፤ ለመመለስ አንድ አፍታ እንኳ አልቆየሁም። "ዱካው ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ።"

ደግሞም ይታየኝ ነበር። ቤተ ሙከራው፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒዩተር፣ ምልክቱ ደክሞ መልእክቱ እንደቀረ የሚናገረው መስመር። ፋሲካ እንዳለፈ ጥናቷን ማስረከብ አለባት፤ ያ መስመር ካልተገኘ ምዕራፉ ይወድቃል። ሦስተኛውን ማብሪያ ኦን እንድታደርገው ነገርኳት።

አደረገችው። ምንም አልተለወጠም።

እንዲህ ሆኖ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የምትደውልበት ልማድ ተጀመረ። መስመሩ ስለሚዘገይ ሁለታችንም አንድ ላይ "ሃሎ" እንልና ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ላይ እንጀምራለን። "አንቱ አይበሉኝ" ብላ ስለለመነችኝ አንቺ ማለት ጀመርኩ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ጥሪ፣ አራት ሰዓት ሳይሆን ኮቴን ለብሼ እንደምጠብቅ አስተዋልኩ። ኮት ለብሶ ስልክ የሚጠብቅ ሰው መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም።

ዱካው ወደ ሌላ ቦታ እየተጻፈ ይሆን ብለን ፈለግን። አሮጌውን እያነበበች ይሆን ብለን አጥፍታው እንደገና አስኬደችው። የፕሮግራሙን ሌላ እትም ጫነች። ያው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ምክንያቱ ባለመገኘቱ ያዘንኩትን ያህል፣ ዓርብ እንደምትደውል በማወቄ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከፎቁ ሥር ወርቅ የሚሠራ አንድ እኩያዬ አለ፤ ከድሮ ጎረቤቶቼ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርጄ ከባንኮኒው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አየር ስታስመስል ዋልክ?" አለኝ፣ መነጽሩን ከግንባሩ ሳያወርድ።

"አንዲት መስመር ጠፍታብኛለች።"

"ታዲያ ምኒልክ አደባባይ ውጣና ፈልጋት፤ የባቡሩ መስመር በዚያ ነው የሚያልፈው።"

ሳቅኩና ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኩት። ሚዛኑን እየወለወለ ሰማኝ።

"ሰው ቀለበት ያመጣልኛል" አለ። "'ጥሩ ወርቅ ነው፣ የእናቴ ነው፣ አውቀዋለሁ' ይለኛል። 'አስፈትነኸው ነው ወይስ ወደኸው?' እለዋለሁ። አንተስ፣ አይተኸው ነው ወይስ አስበኸው?"

"አይቼው ነው!"

"እሺ በቃ፣ አትቆጣ። ጠየቅኩ እንጂ።"

መቆጣቴን አላወቅኩም ነበር።

በቀጣዩ ማክሰኞ የትእዛዝ ፋይሉን ከላይ ጀምራ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ፤ የራሴ ፋይል ስለሆነ ግን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

"መጀመሪያ ስምዎ ነው ያለው" አለች። "ከሥሩ ማብሪያዎቹ፤ አንደኛው ኦን፣ ሁለተኛው ኦን፣ ሦስተኛው ኦፍ። ቀጥሎ 'ከዚህ በላይ ያለው አይነካ' ይላል። ከዚያ ጣቢያዎቹ ይፈጠራሉ፣ ከዚያ…"

"ቆይ፣ ቆይ። ሦስተኛው ኦፍ? ኦን አድርጊው ብዬሽ አልነበረም?"

"አድርጌያለሁ እኮ፤ ግን ከታች ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ።"

"ለምን ከታች?"

"አይነካ ይላላ፣ ፕሮፌሰር! አስተማሪዬም ነክቶት አያውቅም። እኛ ጋ ሁሉም ሰው ከሥር ነው የሚጨምረው። ደግሞ የእርስዎን ሰርዤ የኔን ልጽፍ? ነውር አይደለም እንዴ?"

አይነካ የሚለውን መስመር ፋይሉ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲሸጋገር አንድ ጨዋ ልጅ ጨምሮት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ፕሮግራሙ ግን ይሉኝታ አያውቅም። እያንዳንዱ ጣቢያ ምን እንደሚመዘግብ የሚወሰነው በሚፈጠርበት ቅጽበት ነው፤ ከተፈጠረ በኋላ ከታች የሚጻፍለትን ትእዛዝ አይሰማም። እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ያባከንነው በአክብሮት ነበር።

ይህን ላስረዳት አፌን ስከፍት ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ማብሪያውን ኦፍ ያደረግኩት እኔ ከሆንኩ፣ አየር ላይ የሆነውን እኔም አላየሁም። ለማየት ብፈልግም የሚታይ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ትንሽ ስለነበር ዱካው ይሞላውና ሥራው ይቆም ነበር፤ የዘጋሁት ለዚህ ይሆናል። መልእክቱ አልደረሰም፣ ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ስለዚህ ምክንያቱ ርቀት ነው ብዬ ገመትኩ። የቀረውን፣ መስኮቱንም መስመሩንም፣ ዓመታት ጨመሩልኝ።

"የእኔን ሰርዢው" አልኳት።

"የእርስዎን?" አለች።

"ሰርዢውና በቦታው ኦን ብለሽ ጻፊ።"

"እሺ… ሰረዝኩት። ይቅርታ።"

ማንን ይቅርታ እንደጠየቀች አላውቅም። ስልኩን ሳንዘጋ አስኬደችው። ከታች የታክሲ ረዳቱ "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" እያለ ሲጣራ ይሰማኛል።

"መጣ!" አለች። "ኧረ ብዙ ነው! ፕሮፌሰር… ርቀት አይደለም። ግጭት ነው የሚለው። ግጭት፣ ግጭት፣ እስከ ታች ድረስ ግጭት።"

ነገሩ ለሙያው ሰው እንግዳ አይደለም። ሁለት ጣቢያዎች በግራና በቀኝ ዳር አሉ፤ መካከል ላይ ያለው ሁለቱንም ይሰማል፣ እነሱ ግን አንዱ ሌላውን አይሰማም። እያንዳንዱ አየሩ ጸጥ ያለ ስለሚመስለው መናገር ይጀምራል፤ መልእክቶቹም ከመካከለኛው ዘንድ ሲደርሱ ተጋጭተው ሁለቱም ይጠፋሉ። ለመሰማት ሁለቱም ቅርብ ነበሩ።

"ርቀትም ጥቂት ድርሻ ይኖረዋል ብዬ ላለዝበው?" አለችኝ።

"ዱካው ላይ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው የሌለውን አታስገቢ። ተሳስተዋል ብለሽ ጻፊ።"

"እኔ? እርስዎን? ኧረ በማርያም! ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የእርስዎ ተማሪዎች ናቸው፤ ከነጥናቴ ነው የሚያባርሩኝ።"

"እኔው እጽፍልሻለሁ። ፈርሜ እልክልሻለሁ፤ ከምዕራፉ ጋር ታያይዢዋለሽ።"

ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እግዜር ይስጥልኝ። ምዕራፌን አተረፉልኝ። በጣም አድክሜዎታለሁ፤ ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።"

በጨዋ ደንብ የሚባል ነገር ነው። እኔም በጨዋ ደንብ "ምንም አይደል" አልኩ። አስቸግሪኝ ማለት ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን አፌ ለምዶት አያውቅም።

ደብዳቤውን የዚያኑ ዕለት ጻፍኩ። ምክንያቱን አይቼ ሳይሆን ገምቼ እንዳሳተምኩ፣ ትክክለኛውን ያገኘችው እሷ እንደሆነች በአራት መስመር ገለጽኩ። ለወርቅ ሠሪው ስነግረው "አስበኸው ኖሯል" አለኝ። ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ኮቴን ለብሼ ተቀመጥኩ። እንደማትደውል አውቅ ነበር። አራት ተኩል ሲሆን ተነሥቼ፣ ፋይሉን ለማንም ተማሪ ከመስጠቴ በፊት ያስቀመጥኩበትን አሮጌ ሲዲ ከመሳቢያ አወጣሁ። ላፕቶፑ ብዙ ካጉረመረመ በኋላ አነበበው። ስሜ አለ። ማብሪያዎቹ አሉ፣ ሦስተኛው ኦፍ። ከሥራቸው፣ "ከዚህ በላይ ያለው አይነካ" ይላል።

ጨዋው ልጅ እኔ ነበርኩ። መቼ እንደጻፍኩት፣ ለምን እንደጻፍኩት፣ ማን ምን እንዳይነካብኝ እንደፈራሁ ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ቢመጣም ኖሮ አላምነውም ነበር።

ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩና መስመሩን ሰረዝኩት። ሦስተኛውን ኦን አደረግኩ። "ለተማሪዎችሽ ይህን ስጪልኝ፤ አይነካ የሚለውን የጻፍኩት እኔው ነኝ" ብዬ በኢሜይል ላክሁላት። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥቼ ታክሲዎቹን አየሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል መልሷ መጣ። "ደርሶኛል፣ ፕሮፌሰር" ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ኮቴን አወለቅኩ።