ከአራተኛው ቴስት በኋላ

ሥራዬን ለጎረቤት ማስረዳት ከጀመርኩ መሃል ላይ እኔው ራሴ ይጠፋኛል። አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠን ፋይል የሚያስቀምጥ አንድ ፕሮግራም ስናሰቃይ እንውላለን። ፋይል ይጻፋል፣ ይሰረዛል፣ ዲስኩ ሆን ተብሎ ይሞላል፤ ከዚያ የጠፋ ነገር መኖር አለመኖሩ ይታያል። ይህን የሚያደርጉት በተራ ተሰልፈው ራሳቸው የሚሮጡ፣ ቴስት የምንላቸው ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞች ናቸው። እኔ ከሬዲዮ ጥገና ወደ ኮምፒውተር የተሻገርኩ፣ በቢሮው ውስጥ በዕድሜ የሚስተካከለኝ የሌለ ሰው ነኝ። ቴስቶቹም የሚሮጡት በኔ ማሽን ነበር። በኔ አልፏል ካልኩ አለፈ ማለት ነው።

ያን ክረምት አንዲት ልጅ ለሙከራ ጊዜ ተቀጠረች። ከቀጨኔ በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ ጫማዋ ሁሌ ጭቃ ነው። ዝምተኛ ናት፣ "ጋሼ" ትለኛለች። የመጀመሪያ ቴስቷን ጻፈች፤ ፋይል ይጻፋል፣ ወዲያው ማሽኑ መብራት እንደጠፋበት ሆኖ ድንገት ይዘጋል፣ ሲነሳ ፋይሉ መኖር አለመኖሩ ይታያል። በሷ ኮምፒውተር ፋይሉ ይጠፋል። በኔ ማሽን፣ ከሌሎቹ ኋላ ተሰልፎ ሲሮጥ፣ አለ።

"ፕሮግራሙ ችግር ያለበት ይመስለኛል ጋሼ" አለችኝ።

"እዚህ እኮ አልፏል" አልኳት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች፣ አልኩ በሆዴ።

ደግመን አስኬድነው። በሷ ወደቀ፣ በኔ አለፈ። ሦስተኛ ጊዜም ያው። አለቃችን ወሬ የማይወድ ጎልማሳ ነው፤ ጠራኝና "ልጅቷ የሌለ ችግር እየፈጠረች ነው፣ አይመስልዎትም?" አለኝ። "በኔ ማሽንስ አልፏል" ብዬ መለስኩ። ውሸት አልተናገርኩም። ረቡዕ ዕለት የሙከራ ጊዜዋ ስላለቀ ከዚያ በኋላ እንዳትመጣ ተነገራት። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችኝ።

ሐሙስ መብራት ጠፋና ቴስቶቹ መሃል ላይ ተቋረጡ። ሲመጣ ከቆሙበት አስቀጠልኳቸው። የልጅቷ ቴስት ወደቀ።

ቮልቴጁ ይሆናል አልኩ። ከመጀመሪያው አስጀመርኩ፤ አለፈ። ለብቻው አስኬድኩት፤ ወደቀ። ወደ ሰልፉ መለስኩት፤ አለፈ። አንድ ቴስት፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት መልስ! ዲስኩን ቀየርኩ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ "ምን ሆነዋል?" ቢለኝ ጮህኩበት። ምን እንደሆንኩ ባውቅማ መች እጮህ ነበር? የመጀመሪያው ሬዲዮዬ በእጄ ላይ ከተቃጠለ ወዲህ እንደዚያ ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ከግራ መጋባቱ ስር ደግሞ ፍርሃት ነበረ፤ ልጅቷ ልክ ከሆነችስ?

አርብ ጠዋት ቀደም ብዬ ገባሁ። ዲስክ ሥራ ላይ ሲውል፣ እኛ ማውንት ማድረግ የምንለው ማለት ነው፣ እንዴት እንደሚያዝ የሚናገሩ መመሪያዎች አብረውት ይሰጣሉ፤ "ይነበብ እንጂ አይጻፍበት"፣ ወይም "የተጻፈውን ሳታቆይ ወዲያው ዲስኩ ላይ አሳርፍ" የሚሉ። እያንዳንዱ ቴስት ሲጀምርና ሲጨርስ ዲስኩ በየትኛው መመሪያ ላይ እንዳለ እንዲያሳየኝ አደረግኩ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ለውጥ የለም። ከአራተኛው በኋላ ግን "ወዲያው አሳርፍ" የሚለው ተጨምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ አብሮ ይሄዳል። አራተኛው ቴስት ለራሱ የጨመረውን መመሪያ ሳያነሳ ዲስኩን ለተከታዩ አስረክቧል። የልጅቷም ቴስት ሲያልፍ የኖረው በዚያ ተሸፍኖ ነው። ከመሃል ሲነሳ ወይም እሷ በኮምፒውተሯ እንደምታደርገው ለብቻው ሲሮጥ ግን ዲስኩ እንደ አዲስ ስለሚያዝ መመሪያው የለም፤ ፋይሉም ይጠፋል። እሷ ያለችው የፕሮግራሙ ችግር እውነተኛ ነበር።

የትኛው ግዴለሽ ነው የጻፈው ብዬ ተናድጄ አራተኛውን ቴስት ከፈትኩ። ስሜ አናቱ ላይ ተጽፏል።

ነገሩ ቀስ እያለ ትዝ አለኝ። ቴስቱን በጻፍኩበት ሰሞን ጉለሌ ውስጥ መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ይጠፋ ነበር። ቤት ስንሆን ፍሪጁን እንነቅላለን፤ ቢሮ ደግሞ የለፋሁበት ውጤት እንዳይጠፋ ብዬ ያችን መመሪያ ጨመርኩ። በኋላ አነሳታለሁ ብዬ ረሳኋት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

ደወልኩላት። ዊንጌት ታክሲ እየጠበቀች ነበር፣ ረዳቶቹ ሲጮሁ ይሰማኛል።

"ልክ አንቺ ነሽ" አልኳት። "አራተኛው ቴስት ላይ..."

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"መመሪያው እንደማይነሳ። በሁለተኛው ሳምንት አይቼዋለሁ። ግን፣ እ... ማለቴ፣ የእርስዎ ስም አለበት። እርስዎ ካደረጉት ምክንያት ይኖረዋል አልኩ። ምክንያቱን ሳስብ ሳስብ፣ በቃ፣ አልገባኝም። ያልገባኝ እኔ ስለማላውቅ መሰለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እንዴት ብዬ ጋሼ?" አለችኝ።

ለካ እኔ ሁለት ቀን ግራ ሲገባኝ እሷ ስንት ሳምንት ብቻዋን ግራ ገብቷታል። እኔ ግራ ሲገባኝ የምጮህበት ሰው ነበረኝ። አለቃችን ጋ ገብቼ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ። እሱም "ሰኞ ትምጣ" አለ።

ሰኞ መጣች። አራተኛውን ቴስት ከፍቼ ወንበሬን ለቀቅኩላት። መመሪያውን ወደ ነበረበት የሚመልሰው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ለሷ ጥቂት ሴኮንድ አይፈጅባትም። እሷ ግን ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስሜ የተጻፈበትን ቦታ እያየች ተቀመጠች።

"ካላስቀየምኩዎት፣ ጋሼ" አለች፣ "ላስተካክለው?"