ቡሬ የበላችው ፌስታል

ባለፈው ሳምንት ቲማቲምና ሎሚ ገዝቼ ስወጣ ሒሳብ ተቀባይዋ ዕቃዬን በአረንጓዴ ፌስታል አደረገችልኝ። ዘንቢል ይዣለሁ ብላት፣ «ግድ የለም አባባ፣ ይሄኛው ይበሰብሳል» አለችኝ።

«የት?» አልኳት።

«እንጃ!» ብላ ሣቀች። ጥያቄው የእኔ አልነበረም፤ የድሮ ጎረቤታችን የአዴ ሎኮ ነው።

ነገሌ ቦረና ማዘጋጃ ቤት፣ ጽዳት ክፍል ስቀጠር ገና ጢም አላወጣሁም ነበር። ነገሌን የሚያውቅ ፌስታሏንም ያውቃል። በበጋ፣ ቀዩ አቧራ በተነሣ ቁጥር፣ ግራር እሾህ ላይ ተሰክቶ ሲርገበገብ ይውላል። ሣር ሲጠፋ ከብቱ የልጣጭ ሽታ ተከትሎ ይበላዋል። እንደ ወይዘሮ በአክብሮት «አዴ» የምንላቸው ሎኮ አንድ ላም በዚሁ ሞታባቸዋለች። ከድርቁ የተረፈችላቸው ቡሬ የምትባል ዥጉርጉር ላም ብቻ ነበረች፤ የሚኖሩትም በእሷ ወተት ነበር። እኛም የምንገዛው ከእሳቸው ነው። በታጠነ ዕቃ የታለበ፣ ጢስ ጢስ የሚል ወተት። ዛሬም ሌላው ወተት ሁሉ ውሃ ውሃ ይለኛል።

አንድ በጋ ይበሰብሳል የተባለ አረንጓዴ ፌስታል መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከው ትሑት ወጣት ባለ ሆቴሎችንና ባለ ከብቶችን ሰብስቦ አስረዳ፤ ወደ ኦሮምኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።

«ልጣጩን ከነፌስታሉ ትጥሉታላችሁ። በሰው አገር ፋብሪካ ውስጥ ክምሩን በማሽን ያገላብጡታል፣ ውሃ ያርከፈክፉበታል። ውስጡ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ፌስታሉ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይበጣጠሳል፤ በመጨረሻ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይበሉትና አፈር ይሆናል።»

አዴ ሎኮ ተነሡ። «እርጥብ ነው፣ ይሞቃል፣ ይገላበጣል። ይሄማ የላም ሆድ ነው! ቡሬ ቀን የበላችውን ማታ ታመሰኳው የለ?»

አዳራሹ በሣቅ አጸደቀላቸው። እኔም እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ። ወጣቱ አሰብ አደረገና፣ «ስለ ላም ሆድ አላውቅም እናቴ» አለ። አለማወቁን ማንም አላመነውም። እኛ ዘንድ የተማረ ሰው ታላቅ ፊት ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ «አላውቅም» ማለቱን እንደ ጨዋነት ቆጠርንለት።

የእኛ የቆሻሻ ክምር ከከተማው ዳር፣ በዶሎ መንገድ በኩል ተሠራ። ለመጠጥ እንኳ ውሃ በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ወቅት ቆሻሻ የሚያጠጣ አልተገኘም። እጄን ሰድጄ ሞክሬዋለሁ፤ ላዩን ፀሐይ አሙቆታል እንጂ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ላሞቹ ግን አገኙት። ድሮ ፌስታል ሲያዩ ቡሬን በዱላ ያባርሩ የነበሩት አዴ ሎኮ አሁን ዝም ብለው ያዩአት ጀመር።

ወተቷ ቀነሰ። ቀጥሎ ማመስኳት ተወች፣ ግራ ጎኗ ተነፋ። ሳትሞት ትታረድ ተባለና ታረደች። ከጨጓራዋ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አረንጓዴ ድብልብል ወጣ። አዴ ሎኮ አንዱን መዘው በውሃ አለቀለቁት። ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም።

«የተጻፈበት ምን ይላል?» አሉኝ።

«ወደ አፈር እመለሳለሁ ይላል።»

«የት?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ የላም ሆድ ሙቀት ከእኛ ገላ ብዙም እንደማይበልጥ፣ የፋብሪካው ክምር ግን እጅ እንደሚያቃጥል፣ ነፍሳቱም ያንን ካላገኙ እንደማይሠሩ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ ፌስታሉን ሲያመጡ ፋብሪካውን የት ጥለውት መጡ?»

ይህን ብለው ፌስታሉን አጥራቸው ላይ ሰቀሉት። በማግሥቱ ጠዋት ወተት ይዘው አልመጡም።

ባለፈው ሳምንትም ቤቴ ገብቼ ቲማቲሙን ዘረገፍኩና ፌስታሉን እንደ ጨርቅ አጠፍኩት። መሳቢያዬ በእነዚህ ፌስታሎች ሞልቷል፤ ልጆቼ ስስታም ይሉኛል። የሚሄድበት ቦታ እስኪገኝለት እዚያው ይቆይ።