«ይዘኸው ና» ያሉኝ ሲስተር እናንዬ

ሲስተር እናንዬ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ባለፈው ሳምንት አርፈው እንጅባራ ተቀብረዋል። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ከሰው ኋላ ቆሜ ሰማሁ። «ከዳንግላ ወደ አዲስ ቅዳም በራሳቸው ጥያቄ ተዛውረው» ተባለ። ውሸት ነው። ለምታውቋቸው ሁሉ እውነቱን እጽፋለሁ፤ ስሜን ግን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ትረዱታላችሁ።

ዳንግላ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። የገጠሩን ሰው በአዊኛ፣ እኛን በአማርኛ እየቀለዱ ያክሙ ነበር። መድኃኒት የጀመረ ሁሉ የፍቅር ጓደኛውን እንዲያስመረምር ይጠየቃል። እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። «ጓደኛህን ይዘኻት ና» አሉኝ። በየወሩ ይሉኛል፣ በየወሩ ብቻዬን እመጣለሁ። በአራተኛው ወር ፊቴን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ካርዴን ከድነው፣ «እሺ፣ ይዘኸው ና» አሉኝ።

ወንድ የምወድ ወንድ ነኝ። በዚያ አገር ስለዚህ ነገር ከሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ያ ነበርና አለቀስኩ። «ምን ያስለቅስሃል? ቫይረሱ ሰው አይመርጥም፤ እኔም አልመርጥም» አሉኝ።

በሩ ግን ክፍት ነበር። የሳንባ ነቀርሳ እንዳይዛመት በርና መስኮት ክፍት ይሁን የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ እሳቸውም ደንብ አክባሪ ነበሩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ።

በሳምንቱ ስሜ «ይዘኸው ና» ሆነ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ በዚያ ይጠሩኝ ጀመር። ጓደኛዬ ለምርመራ አብሮኝ የመጣ ዕለት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ይዞት መጣላችሁ» አለች። ሰው ሳቀ። ጓደኛዬ ከግቢው በር ተመለሰ። እኔ አልተከተልኩትም። መድኃኒቴ አልቆ ነበርና ወረፋ ያዝኩ።

ሲስተር ጓደኛዬ ያለበት ቤት ድረስ በእግራቸው ሄደው ለመኑት። ያኔም ክፉኛ ያስለው ነበር።

«ጫግኒ ሄደህ ተመርመር፣ ልጄ። እዚያ ማንም አያውቅህም፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፍልሃለሁ» አሉት።

«ዳንግላ የሰማውን ጫግኒ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሰማዋል፣ ሲስተር» አላቸው።

ሳይመረመር፣ አንዲት ኪኒን ሳይውጥ፣ በሁለተኛው ክረምት ሞተ። የገደለው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ በሩ የተከፈተለት ያው በሽታ።

እሳቸውንም «እንዲህ ያሉትን ታቅፋለች» ብለው ከሰሷቸው፤ ያለ ፈቃዳቸው አዲስ ቅዳም ተመደቡ። ሊሄዱ ሲሉ፣ «ምነው በሩን በዘጋሁት ኖሮ» አሉኝ። ማጽናናት ነበረብኝ። ተቀይሜያቸው ስለነበር መድኃኒቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሲስተር እናንዬ፣ ያን ዕለት የነፈግኩዎትን ዛሬ ልስጥዎት። የገደለው የእርስዎ ቃል አይደለም። የሳቁት ገደሉት፤ ሳልከተለው የቀረሁት እኔም አለሁበት። ከሳቁት አንዳንዶቹ አስከሬንዎን ተሸክመዋል፤ ዓይኔ አይቷል። ኪኒኑን እስከ ዛሬ እውጣለሁ። ይዘኸው ና ብለውኝ ነበር፤ አልሆነልኝም። አሁን እርስዎ እሱ ወዳለበት ሄደዋል። ሲያገኙት እባክዎ በሩን ዘግተው ያነጋግሩት።