በባዶ በር ላይ የጨፈረው በያጅ

ኦክ ፓንሱ ጭፈራ አይችልም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በዚያ የምርጫ ሰሞን ከቡሳን ከተማ በታች ባለችው ደሴታችን ያየው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሲጨፍር ነውና። ሃምሳን ያለፈ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ሲበይድ የኖረ ሰው፣ ደማቅ ጃኬት ለብሶ፣ የዕጩውን ቁጥር በጣቱ እያሳየ ወገቡን ሲሰብቅ! ባየሁት ቁጥር ሳቄና ዕንባዬ እኩል ይመጡብኝ ነበር።

ምን ያድርግ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የመርከብ መሥሪያው ትዕዛዝ ሲነጥፍ መጀመሪያ የተባረሩት እንደሱ በተቋራጭ ስር የሚሠሩት ናቸው። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ በብርድ ዛጎል ስትፈለቅቅ ትውላለች። በዚያ ሰሞን በደሴቲቱ ላይ ሰው ይቀጥር የነበረው የፕሬዚዳንት ምርጫው ብቻ ነው። የቀን አበል እየከፈለ ያስጨፍራል፣ ላለፈ ላገደመው መኪና ሁሉ ጎንበስ ያስብላል።

የዘመቻው አለቆች ከሴኡል ይዘውት የመጡት ዕቅድ ደግሞ የድሮ ነው። ሠራተኛው ሲገባ በማለዳ በመርከብ መሥሪያው በር ላይ ቁሙ ይላል። የቱ ሠራተኛ? ምግብ ቤቴ ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ አያለሁ፤ ከዘበኛውና ከድመቶቹ በቀር የሚገባ የለም። እነ ፓንሱ ግን ሙዚቃውን ለቅቀው ለባዶ በር ይጨፍራሉ።

“አንተ! ድመቷ እኮ ዕድሜዋ ለምርጫ አልደረሰም!” እለዋለሁ ደጄ ላይ ቆሜ።

“ዝም በይ እትዬ፣ አለቃው ይሰማሻል።”

“ለመሆኑ ሰውዬውን ትወደዋለህ?”

“ምኑን አውቄው ልውደደው? የመሥሪያውን የተዘጋ ትልቅ የመርከብ መገንቢያ ገንዳ መልሼ እከፍታለሁ ብሏል። ሌላው ይህንንም አላለ።”

ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። ድሮ ምግብ ቤቴ ውስጥ በፓርቲ የተነሳ ሶጁ አረቄው ይደፋ ነበር፣ ወንድም ከወንድሙ ይኳረፍ ነበር። አሁን አባቱ ከመረጠው ፓርቲ ዝንፍ ብሎ የማያውቀው ሽማግሌ እንኳ “ሥራ የሚያመጣው የቱ ነው?” ብቻ ሆነ ጥያቄው። እኔስ ብሆን? ወንበሮቼ ባዶ ናቸው። የመረጠው ሆዴ እንጂ ልቤ አይደለም።

ፓንሱን የሚያንገበግበው ግን የገዛ ራሱ ችግር አልነበረም። ታክ ዱሲክ የሚባል፣ ብየዳን ከእጁ የተማረ፣ እንደ ታናሽ ወንድሙ የሚሳሳለት ሰው “ሥራችንን መልሱልን” ብሎ የመርከብ መሥሪያው ትልቁ ክሬን አናት ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ካልመለሱልኝ አልወርድም ብሏል። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። እኔ የዓሣ ሾርባ እሠራለሁ፤ ፓንሱ የዘመቻውን ጃኬት አውልቆ ይመጣና በገመድ ይልክለታል።

“ወንድም ጋሼ!” ይላል ዱሲክ ከላይ። “ከዚህ ሆኜ ሳይህ ጭፈራህ እየተሻሻለ ነው!”

ፓንሱ እየሳቀ ይመለሳል፤ እኔ ቤት ሲደርስ ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። ዱሲክ እግሩ ደንዝዞ አልሰማው ብሏል። ገመዱንም መጎተት እያቃተው ነው።

“ይሞትብኛል እትዬ” አለኝ አንድ ቀን። “እዚያው ደርቆ ይቀርብኛል።”

ይህን የዘመቻው አለቃም ሳይሰማ አልቀረም። ፓንሱን ጠርቶ ዕጩው ሊመጣ መሆኑን ነገረው። ዱሲክ ወርዶ በካሜራ ፊት ከጨበጠው፣ ዕጩው ስለ መገንቢያው መከፈት እዚያው ቃል ይገባል። ፓንሱ ያን ቀን ጃኬቱን ሳያወልቅ ክሬኑ ስር ቆመ።

“ውረድ፣ ዱሲክ! ሊከፍቱት ነው!”

“አንተ ታምነዋለህ?”

ፓንሱ መሬት መሬቱን አየ። እኔ አጠገቡ ነበርሁ።

“አምነዋለሁ!” ብሎ ጮኸ።

“እሱን አላውቀውም፤ አንተን ብዬ ነው የምወርደው!”

ወረደ። ዕጩው አቅፎት አለቀሰ፣ የገዛ ካፖርቱን አለበሰው፣ መገንቢያው ይከፈታል አለ። እኔ ጅሏም ተነፋረቅሁ። የዕጩው መኪና ከዓይን እንደተሰወረ ፖሊሶች ያለ ፈቃድ ክሬን ላይ ወጥተሃል ብለው ዱሲክን ሊያሳክመው ከመጣው አምቡላንስ በር ላይ ያዙት፤ በሆስፒታል በኩል አድርገው ወደ እስር ወሰዱት። ፓንሱ አለቃውን እጅጌውን ይዞ ለመነው። “ሥርዓት ነው፣ ነገ ይፈታል” አለው አለቃው። ምላስ አጥንት የለው!

ሰውዬው ተመረጠ። ደሴታችን ለዚያ ፓርቲ ያን ያህል ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። ከዚያማ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ጸደይ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ጎረቤቶቼ ቤታቸውን እየዘጉ ወደ ከተማ ተሰደዱ። ፓንሱ ዱሲክን ሊጠይቅ ወደ እስር ቤቱ ይሄዳል፣ በሩ ላይ ይደርስና ሳይገባ ይመለሳል። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቼልህ ነበር ያለውን የአጎቱን ልጅ እንኳ “ዱሲክ ሳይፈታ የትም አልሄድም” አለው።

በመከር ወራት መርከብ መሥሪያው ሰው ጠራ። ጋዜጣው “ቃል ተጠበቀ” ብሎ ጻፈ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ትልቁ ክሬን ለውጭ አገር ተሽጧል፤ ቆራርጦ መርከብ ላይ መጫን ነው። እሳት ይዞ ብረት የሚቆርጥ ተፈለገ። ፓንሱ ገባበት። አልወቅሰውም፤ የሚወቅሰው ካለ መጥቶ የሚስቱን ጣቶች ይይ።

በዚያው ሳምንት ዱሲክ ተፈታ። ምሳ ሰዓት ላይ እያነከሰ ምግብ ቤቴ ገባ፤ ብርዱ የእግሩን ጣቶች ወስዶበታል። ፓንሱ ሾርባው ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። እኔ ጭልፋዬን ይዤ ከመሐላቸው ልገባ ተዘጋጀሁ። ዱሲክ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

“ወንድም ጋሼ፣ ክሬኑን የምትቆርጠው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ። ስደበኝ። ምታኝ።”

“ሰው ይጨምራሉ ወይ?”

ፓንሱ ቀና አለ። በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

“ጠይቅልኝ እንጂ” አለ ዱሲክ። “ማን ይቀጥረኛል በዚህ እግሬ? አንተ ካልክ ይሰሙሃል።”

ፓንሱ ያን ጊዜ አለቀሰ፣ ያ ትከሻው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ። እኔም ሌላ ሾርባ ቀድቼ ዱሲክ ፊት አስቀመጥሁ።

“ሥራው ከላይ ነው የሚጀመረው” አለ ፓንሱ በመጨረሻ። “መውጣት ትችላለህ?”

“መንገዱን አውቀዋለሁ” አለ ዱሲክ፣ ማንኪያውንም አነሳ።