የርቢ ዓሣ

ጓንጉል ታዬ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ ደብረ ታቦር ውስጥ ሁለት ስም ነበረው። ያስተማራቸው ልጆች፣ አሁን እነሱም ሽበት ያወጡት፣ «መምህር» ይሉታል። የሰፈሩ ሰው ግን «ባለ ዓሣው» ነው የሚለው። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቡፌ ላይ እሱ ውሃ የሞላ የመስታወት ገንዳ አስቀምጧል። ገንዳው ውስጥ ጥቋቁር ድንጋዮች ተከምረዋል፤ በድንጋዮቹ መካከል የመሀል ጣት የሚያህሉ ሁለት ቢጫ ዓሦች ይመላለሳሉ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው። የጣናችን ቆሮሶ ዓሣ የሥጋ ዘመዳቸው እንደሆነ ጓንጉል ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያስረዳል። እንግዳው ሰምቶ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ይበላሉ እንዴ?» ይለዋል።

ዓሦቹ የእሱ አልነበሩም። የሁሴን ነበሩ።

ሁሴን ገበያው ዳር ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ጓንጉል ከትምህርት ቤት ሲመለስ እሱ ሱቅ ጎራ ሳይል ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ተቀምጠውም ብዙ አያወሩም። ሁሴን ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ወደ ሰዓቱ ሆድ ያጎነብሳል፤ ጓንጉል የተማሪ ደብተር ያርማል። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወዳጅነት እንዲህ፣ አንዱ ለአንዱ ቀና ሳይል፣ የቆመ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ሁሴን የሰዓት መለዋወጫ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ ስድስት ቢጫ ዓሣ በጀሪካን ይዞ ተመለሰ።

«ምን ነካህ?» አለው ጓንጉል።

«አየኋቸውና አለፍኩ። ከዚያ ተመለስኩ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው እግሬ እንቢ አለኝ፣ ወላሂ።»

ከተዘጋ ፎቶ ቤት የመስኮት መስታወት ገዝተው፣ ቆርጠው፣ በሲሊኮን አጣብቀው ገንዳውን የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ሱቁ ይቀዘቅዛል ብለው ጓንጉል ቤት አኖሩት። የደብረ ታቦር ብርድ ግን ሱቅና ቤት አይለይም። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች ገንዳው ውስጥ እያንሳፈፉ፣ ዙሪያውን ጋቢ እያለበሱ ያዟቸው። እንዲያም ሆኖ አራቱ አለቁ። የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሴቷ እንቁላሏን ስትጥል መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። ሦስት ሳምንት ያህል፣ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ፣ አፏ ውስጥ ይዛቸው ትቆያለች። እስከዚያ ምንም አትቀምስም። ጓንጉል በዚያ የተነፋ ጉንጭ ላይ ዓይኑን ተክሎ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ አምላክ ይወቀው። የሚወዱትን ነገር አፍ ሙሉ ይዞ መራብ! መናገር አይቻል፣ መዋጥ አይቻል። እንግዲህ ይህ የዓሣ ጠባይ ብቻ ነው ማለት ለእሱ ይከብደው ነበር።

አራት ጊዜ አርግዛለች ብለው ተስፋ አደረጉ። አራቴም መብራት ጠፋ፣ ውሃው ቀዘቀዘ፤ እሷም ደንግጣ ዋጠቻቸው። ጫጩት ምን እንደሚመስል ሁለቱም በዓይናቸው አላዩም።

ከዚያ የሁሴን ዓይን ይደክም ጀመር። የሰዓት ጥርስ ከጥርስ መለየት ሲያቅተው ሱቁን ዘጋና ሐሙሲት፣ ልጁ ፋጡማ ቤት ገባ። የተለያዩ ዕለት ገንዳው ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ላም የሌለው ሰው የሰው ላም የርቢ ይይዝ የለም? ያበላል፣ ይጠብቃል፣ ጥጃው ሲወለድ ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። በል አንተም የርቢ ያዝልኝ። የሚወለደው እኩል።»

«ወተቱስ?»

«ወተቱን ብቻህን ጠጣው፤ ማን ከለከለህ!»

ሳቁ። ሳቁ እስከ መናኸሪያ አደረሳቸው፤ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ግን የሳቀ አልነበረም።

ከደብረ ታቦር ሐሙሲት ስልሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ድሮ ጠዋት ሄደው ከሰዓት የሚመለሱበት መንገድ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን መንገዱ ሳምንት ይከፈታል፣ ወር ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው። ባሕር ማዶ ያለን ሰው ሲናፍቁ ልብ ርቀቱን አይቶ ይቀበላል። ከኮረብታው ወዲያ፣ ቁልቁል ወርደው የሚያገኙትን ሰው መናፈቅ ግን ሌላ ነው፤ የሚያሳብቡበት ርቀት የለም። ጓንጉል አንዳንድ ቀን ወደ ወረታ የሚወርደውን አስፋልት ጫፍ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ቆሞ፣ ይመለሳል። የት ነበርክ ሲሉት «እግሬን ላፍታታ ወጥቼ» ይላል።

በጥር ስልክ የሠራ ቀን ሁሴን ደወለ።

«ጓንጉል፣ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም በመሄድ ላይ ነው አለ። ቀኑ ጭጋግ ሆኖብኛል። የርቢያችንን ልጆች ሳላያቸው እንዳይመሽብኝ።»

«ታያቸዋለህ» አለ ጓንጉል። ያለው አንድ ቃል ይህ ብቻ ነው፤ መስመሩ ተቋረጠ።

በየካቲት ሴቷ ለአምስተኛ ጊዜ እንቁላሏን በአፏ ያዘች። ጓንጉል ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በየቀኑ አንድ ሰረዝ ይጭራል። መብራት አንድ ቀን ካለ ሁለት ቀን የለም፤ ስለዚህ ከሰል ላይ ውሃ ማሞቅ፣ ጠርሙስ መቀየር፣ ቴርሞሜትር ማየት የቀን ሥራው ሆነ። አሥራ አምስተኛው ሰረዝ ላይ ከሰሉ አለቀ። ቁልፉን አጥር ለአጥር ለምትጎራበተው ለእቴነሽ ሰጥቶ፣ «ዓይንሽ ከነሱ ላይ አይነሣ፣ መጣሁ» ብሏት ገበያ ወጣ።

ጆንያውን ተሸክሞ ሲመለስ እቴነሽ በሩ ላይ ቆማ እጇን ታጨበጭባለች።

«እሰይ! እሰይ ጋሼ፣ ዳነችልዎ!»

«ማናት የዳነችው?»

«ዓሣይቱ ናታ! እህል ካልቀመሰች ሁለት ሳምንት አለፋት አላሉኝም? ጉንጯም አብጦ። ከጣራ ገዳም ያመጣሁት ጸበል ነበረኝ፤ ሳልሰስት ነው ያፈሰስኩላት። ወዲያው የያዛት ነገር ለቀቃት፤ በአፏ አወጣችው!»

ጓንጉል ጆንያውን ደፍቶት ገባ። የቅንድብ ፀጉር የሚያካክሉ፣ ሆዳቸው ላይ ገና የአስኳል ከረጢት ያንጠለጠሉ ነገሮች ድንጋዮቹ ላይ ተበትነዋል። ወንዱ እያሳደደ ይለቅማቸዋል። ጓንጉል ከቀዳዳ አጎበርና ከሽቦ በሠራት መረብ ቀለባቸው። አሥራ አንድ አተረፈ።

«ቀዝቃዛውን ነው ያፈሰስሽባት?»

«ጸበል ይሞቃል እንዴ ጋሼ?»

ሊጮኽባት ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን ተወው። «እቴነሽ» አላት ቀስ ብሎ፣ «በሽታ አልነበረም። ልጆቿ ናቸው።»

እቴነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «ልጆቿን ነው ያስተፋኋት?» አለች፤ ደጋግማ እሱኑ አለች። ከዚያ ድንገት ተነሥታ፣ «በሉ ምን ልሥራ? ንገሩኝ!»

በእናት አፍ ውስጥ ያሉ ጫጩቶች ያለ ማቋረጥ ይገላበጣሉ፤ ዝም ብሎ የቆመ ውሃ ይገድላቸዋል። የሚያነቃንቃቸው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ጓንጉል አንድ ሃይላንድ ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠለጠለ፤ ከጤና ጣቢያ የለመነውን የግሉኮስ ቱቦ ሰክቶ ለብ ያለው ውሃ ጫጩቶቹ ወዳሉበት ጎድጓዳ ሳህን እንዲንጠባጠብ አደረገ። ሳህኑን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ላይ አስቀመጠው። ጠርሙሱ በጎደለ ቁጥር ከሥር የፈሰሰውን ቀድቶ መልሶ መሙላት ነው። አሥር ቀን ሁለቱ እየተፈራረቁ ሞሉት። እቴነሽ ተራዋ ሲደርስ እጇ ሥራውን፣ ከንፈሯ ጸሎቱን ትቀጥላለች።

በስድስተኛው ቀን፣ «እንግዲህ እኒህ ክርስትና ተነሥተዋል ማለት ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«የሁሴን ድርሻም?»

«የሳቸውን ድርሻ እኔ አላውቅም፤ ሲገናኙ ተነጋገሩበት!»

ጓንጉል ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ተረፉ። ከረጢታቸው አልቆ፣ ተነሥተው መዋኘት ሲጀምሩ ጓንጉል የሁሴንን ማጉያ መነጽር፣ ማስታወሻ ብሎ የተወለትን፣ ዓይኑ ላይ ሰክቶ አያቸው። ቢጫ አልነበሩም። የምድጃ አመድ ይመስላሉ። ቀለማቸው የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ቀስ እያለ እንደሆነ አንብቧል፤ ቢሆንም ልቡ ወደቀ። ሁሴን ሊያይ የጓጓው ያንን ቢጫ ነው። ቢጫ እስኪሆኑ ቢጠብቅ የሁሴን ዓይን አይጠብቅም፤ አሁን ቢሄድ የሚያሳየው አመድ ነው።

ሚያዝያ መግቢያ ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ጓንጉል አላመነታም። ሰባቱን በአምስት ሊትር ጀሪካን አድርጎ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ጉልበቱ መካከል ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ብዙ አይታ አይታ፣ «አባባ፣ ማር ነው?» አለችው።

«ማርስ ቢፈስ ይላሳል፣ ልጄ» አላት፣ ጀሪካኑን ይበልጥ እያቀፈ።

ወረታን አልፈው ሜዳው ላይ ሲወጡ ሙቀቱ ፊቱን ነካው። ለእነዚህ ዓሦች የሚስማማው አገር ይህ እንደሆነ ያን ጊዜ ተሰማው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከብርድ ጋር የታገለው እነሱን ለማኖር ነበር ወይስ ሁሴንን ቤቱ ለማቆየት?

ፋጡማ በሩን ከፍታ አቀፈችው። «አባባ ጓንጉል! እንኳን ደህና መጡ። ኑ፣ መጀመሪያ ይህን እብደት ይዩልኝ» ብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መስኮቱ ሥር ውሃ የሞላ፣ ድንጋይ የተደረደረበት፣ ባዶ የመስታወት ገንዳ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃውን በየሳምንቱ ቀይሪ ይለኛል። ዓሣ የሌለው ውሃ! ጎረቤቱ አብደዋል እያለን ነው።»

«ባዶ አይደለም አልኩሽ እኮ» አለ ሁሴን ከጓዳ እየወጣ። ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ እየተከተለ መጣ። ጓንጉል ይህን ሲያይ ጀሪካኑን አስቀምጦ ሄዶ ተቀበለው። ተቃቀፉ። ቆዩ።

«ሰባት ናቸው» አለ ጓንጉል በመጨረሻ።

ጫጩቶቹን ከነውሃቸው ቀስ አድርጎ ለቀቃቸው። ሁሴን ድሮ ወደ ሰዓት ሆድ እንደሚያጎነብሰው ወደ መስታወቱ አጎነበሰ። ሰባቱ በግራ በኩል ጥግ ይዘው ተጠጋግተዋል። የሁሴን ዓይን በቀኝ በኩል ያለውን ድንጋይ ያያል።

«ማሻአላህ!» አለ። «እንዴት ያለ ቢጫ ነው! የእናታቸው ቢጫ እኮ ነው፣ ጓንጉል!»

ፋጡማ አመድ የመሰሉትን ጫጩቶች አየች፤ አባቷን አየች፤ አፏን ልትከፍት ስትል ጓንጉል በዓይኑ ለመናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «የምትመኙትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ» እያለ ያስተማረ ሰው ነው። በዚሁ ምክንያት ስንቱን ተማሪ ዜሮ ሰጥቷል።

«ቢጫ ናቸው» አለ። «ቁርጥ እናታቸውን።»

ሁሴን እጁን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ሳያንቀሳቅስ ያዘ። ከቆይታ በኋላ አንዷ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ የጣቱን ጫፍ መቆንጠር ጀመሩ። ሽማግሌው እንደ ልጅ ተንከተከተ። «በሉኝ! ፋጡማ፣ በሉኝ እኮ!»

ሊካፈሉ ሲሉ ተጨቃጨቁ። ሦስት ለሦስት ሆነ፤ ሰባተኛዋን ጓንጉል «ለአንተ» ይላል፣ ሁሴን «በምን ሕግ?» ይላል። በስተመጨረሻ፣ «አንተ ያዛትና ሌላ ጊዜ ይዘሃት ና» አለ ሁሴን። «ሁሉን ተካፍለን ከጨረስን መምጫህ ምን ሊሆን ነው?» ቀልድ አስመስሎ ነበር የተናገረው።

ጓንጉል አራቱን ይዞ ተመለሰ። በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት ከመስኮት የገባው ፀሐይ ገንዳው ላይ ሲያርፍ፣ ጓንጉል ዳቦ እንደያዘ ቆመ። አራቱም ቢጫ ሆነዋል። በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም፤ እሱ ግን ያየው ዛሬ ነው። እቴነሽን ጠራት፤ መጥታ እልል አለች። እሱ ስልኩን አነሣ። ዕድል ሆኖ መስመሩ ሠራ።

«ጓንጉል! እንዴት ናቸው ያንተዎቹ?»

ጓንጉል ገንዳውን አየ። ይህን ሊነግረው የሚፈልገው ሰው ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ አንድ ደግሞ ቢጫ መሆናቸውን ከወር ተኩል በፊት ከራሱ አፍ ሰምቶታል። የምሥራቹ አፉን ሞልቶ ቆየ።

«እንዳየሃቸው ናቸው» አለ። «ቢጫ።»

«የኔዎቹም» አለ ሁሴን። «ሰባተኛዋን መቼ ነው የምታመጣት?»